የገና ዱላና የጎልፍ ፐተር

በጎልፍ ጨዋታ ኳስን ወደ ጉድጓዷ ቀስ አድርገው የሚሰዱበት ዱላ ፐተር ይባላል። የፐተርን ፊዚክስ ለመመርመር ከወረታ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ ወጪ አውጥቶ መጓዝ አያሻም፤ የገና ዱላና ከእንጨት የተጠረበች ድፍን እሩር ይበቃሉ።

እሩሯ ልክ በወገቧ ላይ በአግድም ስትመታ በመጀመሪያ ትንሸራተታለች። የመሬቱ ሰበቃ ፍጥነቷን እየቀነሰ ያሽከረክራታል፤ ፍጥነቷ ከመነሻው 5/7 ላይ ሲደርስ መንሸራተቱ አብቅቶ መንከባለል ብቻ ይቀራል። የሚያስገርመው ይህ ክፍልፋይ በሰበቃው መጠን አለመወሰኑ ነው። ሰበቃው የሚያርፈው በመሬቱ መስመር ላይ ስለሆነ ከዚያ መስመር አንጻር የሚለካውን አንጉላር ሞመንተም አይለውጥም። ስለዚህ የፎገራ ጥቁር አፈርም ሆነ የትምህርት ቤት ሲሚንቶ ውጤቱ አንድ ነው (የአፈሩን የበጋ ስንጥቅ ግን ሽሹ!)። የሚለያየው ርቀቱ ነው፤ በሴኮንድ 2 ሜትር የተነሣች እሩር የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.4 ሲሆን 25፣ 0.2 ሲሆን 50 ሳንቲሜትር ያህል ትንሸራተታለች።

ኳስን ቶሎ ያንከባልላል እየተባለ የሚሸጥ ውድ ፐተር አለ። ሆኖም አግድም ምት እሩሯን ከቁመቷ 7/10 ላይ ካገኛት፣ ዱላው ምንም ይሁን ምን፣ ሳትንሸራተት ትንከባለላለች። ዲያሜትሯ 7 ሳንቲሜትር ከሆነ ከመሬት 4.9 ሳንቲሜትር ላይ ማለት ነው። በእሩሯ ላይ በኖራ መስመር አስምራችሁ በሞባይል ካሜራ እየቀረጻችሁ ሁለቱን አመታት አወዳድሩ።