ባለ ቀለም ሻርፕ ከበግ ፀጉር

የመንዝ በግ ጥቁር፣ ቡኒና ነጭ ፀጉር ይሰጠናል። ነጩን ፈትለን ብንነክረው አራተኛ ቀለም እናገኛለን።

በምን እንንከረው? በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ! ወርቅ የመሰለ ቡኒ ይወጣዋል። የክሩን ክብደት ያህል ልጣጭ አንድ ሰዓት ቀቅለን እናጥልለው። ለብ ሲል፣ የታጠበውን ክር እንደ ረጠበ እንጨምር። ቀስ እያልን እናሙቀው፤ አይንተክተክ፣ አናማስለውም። እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የበግ ፀጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ፣ ወይም ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ሲገባ ተያይዞ ይጠብቃል። ባና ስንረግጥ የሚጠቅመን ይኸው ጠባዩ ነው። ለሻርፕ ግን ጥፋት ነው፤ የስንት ቀን ፈትል ተጣብቆ ይቀራል።

እርድስ? ሲያዩት ያምራል፤ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። ለገበያ ባይሆን ይሻላል።

ለሻርፑ የሚበቃውን ክር ባንድ ድስት እንንከር፤ የሁለተኛው ድስት ቀለም ከፊተኛው አይገጥምም።

በወፍራም የሹራብ መርፌ አላልተን እንሥራ። ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠምጥመን፣ ቀጥሎ ሁለት ዐይን አንድ ላይ ስንሠራ ቀዳዳ ይወጣል፤ የዐይኑም ቁጥር አይዛባም። ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረን፣ ሰሌን ላይ ጠርዙን በእሾህ ወጥረን ጥላ ሥር እናድርቀው። ያን ጊዜ ቀዳዳው ሁሉ ይከፈታል።