የሚያግዝ ባል ይመስገን

"ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ" ይባላል። ይህ አባባል ለአጨዳና ለደቦ ብቻ የተነገረ አይደለም። ለጓዳም ይሆናል። በዚህ ንባብ ስለ ቤት ውስጥ ሥራ፣ ስለ ጥገናና ስለ ምስጋና እንማራለን።

በሐዋሳ ከተማ፣ በታቦር ተራራ አጠገብ ባለ አንድ ሰፈር የማታ ትምህርት እናስተምር ነበር። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ሁልጊዜ ዘግይተው ይመጡ ነበር። ደብተራቸውን ከፍተው ሁለት መስመር ሳይጽፉ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። እኛም ትምህርቱን አልወደዱትም ብለን ገመትን። ተሳስተን ነበር። አንድ ቀን ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦

"ልጆቼ፣ እኔ እኮ የምነሣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ውኃ እቀዳለሁ፣ እጋግራለሁ፣ አጥባለሁ። ማታ ደግሞ ወጡ እሳት ላይ ነው። ወጡን ለማን ትቼ ልምጣ?"

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ትምህርቱም ከጊዜ በኋላ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። መጽሐፍና አስተማሪ ማቅረብ ይቻላል። ጊዜ ግን እንደ ደብተር አይታደልም። ለእናት ጊዜ የሚገኘው ከሸክሟ ላይ ሌላ ሰው ሲያነሣላት ነው።

የእኒህ እናት ባለቤት አናጢ ናቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው ወጡን እኔ እጠብቃለሁ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ውኃውን በጀሪካን ያመጣሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ የልጆቹን እግር ያጥባሉ። ክረምት ሳይገባም ጣሪያውን ጠገኑ። ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ሚስት ከቤት ውስጥ ሆነው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ በእንጨት እየነኩ አመለከቱ። ባል ከላይ ሆነው የላላውን ምስማር ነቅለው ጎማ ባለው የቆርቆሮ ምስማር ለወጡ። ትንንሹን ቀዳዳ ደግሞ ሬንጅ በተነከረ ጨርቅ ደፈኑ። ተማሪያችንም በሰዓታቸው መምጣት ጀመሩ።

ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ዝም አላለም። ሻይ ቤት በር ላይ የሚቀመጡ ወንዶች "ቀሚስ ይገዛለት!" እያሉ ይስቁ ጀመር። "ሚስቱ አገባችው" ያሉም አሉ። አናጢው ተሸማቀው ጀሪካኑን አስቀመጡ። ለሁለት ሳምንት ያህል የእናትየዋ ቦታ በክፍላችን ባዶ ሆነ። እንግዲህ አስቡት። ፌዝ አንዲትን እናት ከፊደል አስቀረ።

እስቲ ፌዘኞቹን አንድ ነገር እንጠይቅ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ዓሣ የሚበልቱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ቢላዋው በእጃቸው ሲፈጥን ሰው ቆሞ ያደንቃል። በየሆቴሉ ወጥ የሚሠሩ ወንዶች አሉ። ልብስ ከሚሰፉትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ማንም ሴታሴት አይላቸውም። ታዲያ ያው ቢላዋ ቤት ገብቶ ሽንኩርት ሲከትፍ ለምን ነውር ይሆናል? ለገንዘብ ሲሆን ሙያ፣ ለቤት ሲሆን ውርደት? ሥራው አልተለወጠም። የተለወጠው ክፍያው ነው። የቤት ሥራ ደመወዝ የለውም። ስለዚህም እንደ ሥራ አይቆጠርም። ደመወዝ ለሌለው ሥራ ደግሞ ምስጋና ትልቅ ዋጋ አለው።

ነገሩን ያስተካከሉት እናትየዋ ራሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ። እኛም ነበርን። ከፌዘኞቹም ሁለቱ መጡ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። አቦሉ እንደ ተቀዳ እናትየዋ እንዲህ አሉ፦

"ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ዝናብ ሳይነካችሁ የተቀመጣችሁት የልጆቼ አባት ጣሪያውን ስለ ደፈኑልን ነው። እኔም ስሜን በእጄ መጻፍ የቻልኩት ወጡን ስለ ጠበቁልኝ ነው። እግዜር ይስጣቸው።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ከፌዘኞቹ አንዱ ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው አየና "የኛስ ቤት ያፈሳል" አለ። ሁሉም ሳቀ። አናጢው ግን አቀርቅረው ቆዩና "እኔ ጣሪያ የደፈንኩት አንድ ቀን ነው። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ወጥ ሠርታለች። አንድም ቀን አመስግኛት አላውቅም" አሉ።

በዚህ ጊዜ እኛም አፈርን። አብዛኞቻችን ለማስተማር እስክንመጣ ድረስ ሽሮ እንኳ አብስለን አናውቅም ነበር። እናቶቻችን የሠሩትን በልተን ሳህኑን ትተን የምንነሣ ነበርን።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። ባል ሠራተኛ ለመቅጠር ካልቻለም የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ስለዚህ ባል ቤት ውስጥ ሲሠራ ለሚስቱ ምጽዋት መስጠቱ አይደለም። የገዛ ቤቱን ሥራ መሥራቱ ነው።

ታዲያ የገዛ ቤቱን ሥራ ለሠራ ሰው ምስጋና ምን ያደርግለታል? ልማድ በአዋጅ ብቻ አይለወጥም። ሻይ ቤት በር ላይ የተነገረ ፌዝ የሚሻረው ቡና ላይ በተነገረ ምስጋና ነው። ሆኖም ምስጋና የአንድ ወገን ብቻ መሆን የለበትም። አንዲት ምስማር መትቶ ዓመቱን ሙሉ መወደስ የሚሻ ባል የሚስቱን የዕለት ሥራ ይቁጠር። ቆጥሮ ሲጨርስ ምስጋናው ከእሱ አፍም ይወጣል።

እናትየዋ ዛሬ ደብዳቤ ይጽፋሉ። የመጀመሪያውን የጻፉት ለማን ይመስላችኋል? ለልጆቻቸው አባት ነው። አናጢው እንደ ቁም ነገር አጥፈው በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እናትየዋ ወደ ትምህርት ዘግይተው ይመጡ የነበረው ለምንድን ነው?
2. አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚበልት ወንድ የማይፌዝበት፣ ቤቱ ሽንኩርት የሚከትፍ ግን የሚፌዝበት ለምን ይመስላችኋል?
3. በቤታችሁ በአንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በተራ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ማን እንደሚሠራው ጻፉ።
4. ዛሬ ማታ በቤታችሁ ማንን ታመሰግናላችሁ? ስለ ምን?