ስለ እርጅና ዘመን የሕክምና መድኅን

በአበርገሌ ፍየል ሲነግድ የኖረ ሰው በሸመገለ ጊዜ ቢታመም፣ ደኅና ገበያ ሳይጠብቅ ፍየሎቹን በርካሽ ሸጦ መታከም ግድ ይሆንበታል፤ በዚህም ዕድሜ ልኩን ያከማቸው ዋና ገንዘብ ይጠፋል። ይህን ለመከላከል ሁለት ዓይነት መድኅን አለ።

አንደኛው የግል መድን ድርጅቶች የሚሸጡት ነው። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ አረቦኑ እንደ ዕድሜና እንደ ጤንነት ይወሰናል። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በአሠሪ በኩል ስለሆነ፣ ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ዋስትናው አብሮ ይቀራል። ከውሉ በፊት የነበረ በሽታም አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም።

ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። መዋጮው በቤተሰብ የሚከፈል ስለሆነ፣ ሽማግሌውን ከጎልማሳው፣ ሕመምተኛውንም ከጤነኛው አይለይም። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀመራል፤ ሕመሙ ከበረታም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይሸጋገራል። ነገር ግን መነጽርን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንና የውጭ አገር ሕክምናን አይሸፍንም።

ስለዚህ ነጋዴው ገና በጤናው ሳለ የቤተሰቡን መዋጮ በምዝገባው ወቅት መክፈል፣ ለማይሸፈነውም ወጪ ጥቂት ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባዋል። የግል ውል የሚፈልግ ቢኖርም፣ ከመፈረሙ በፊት የዕድሜውን ጣሪያና ድርጅቱ በሰቆጣ የተዋዋለው ሐኪም ቤት መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ።