ሥራ የፈታ ሞተር በክረምት እንዴት እንደሚጠበቅ

ለየወረዳው አስተዳዳሪዎች፣ ለባለይዞታዎችና ለእርሻ ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

ገበሬ የእርሻው ወራት ሲያልፍ ማረሻውን ነቅሎ ከቆጥ ላይ ያኖራል፤ ሞፈርና ቀንበሩን ከጣሪያ ሥር ይሰቅላል፤ ጠፍሩም ደርቆ እንዳይበጠስ ቅባት ያስነካዋል። በጣና ባሕር ዳርቻ የሚኖረው ቀዛፊም የደንገል ታንኳውን ከውኃ ካወጣ በኋላ አቁሞ ያንጠፈጥፈዋል፤ ለፀሐይም ይሰጠዋል፤ እንዲህ ካላደረገ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ፈጥኖ ይበሰብሳል። እነዚህ ሰዎች ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ዕቃ በሥራ ብቻ ሳይሆን በዕረፍትም እንደሚጠፋ ከአባቶቻቸው ወርሰው ያውቁታል።

ነገር ግን በብዙ ብር የተገዛው የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተርና የጀልባ ሞተር ይህን ያህል ጥበቃ ሲያገኝ እምብዛም አይታይም። በጋውን ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያጠጣ የቆየው ሞተር፣ ዝናም በጣለ ሰሞን ጭቃው ሳይታጠብ፣ ቤንዚኑም ሳይቀዳ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ ይጣላል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ዝናሙ አልፎ ውኃ በተፈለገ ጊዜ ግን ገመዱን ቢስቡት አይነሣም። ያን ጊዜ ጥፋቱ በሠራተኛው ወይም በሻጩ ይሳበባል፤ ሞተሩን ያበላሸው ግን ሦስት ወር ሙሉ ያለ ጠባቂ የቆየበት ዕረፍት ነው።

ይህን የምጽፈው በወሬ ሰምቼ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንግሥት ዕቃ እንድቈጥር ወደ አንድ ወረዳ ተልኬ ነበር። በግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር በሸራ ተሸፍኖ አየሁ። ሸራውን ሳልገልጥ በመዝገቡ ላይ «በደኅና ተቀምጧል» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። በኅዳር ወር ሞተሩ ሲወጣ የጭስ ማውጫው አፍ ወደ ላይ ተከፍቶ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከርሞ ነበርና፣ የዝናሙ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ወርዶ ፒስተኑን በዝገት አጣብቆት ተገኘ። የሚጠግነው ሰው ከሩቅ አገር እስኪመጣ ድረስ በዚያ ሞተር የታመኑት አባወራዎች የሽንኩርት ችግኝ በመደቡ ላይ ደረቀ። አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ ማንኪያ ዘይት ሊያድኑት ይችሉ ነበር። እኔም ሸራውን ብገልጥ ኖሮ ባየሁት ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ትምህርት ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለጸሐፊውም ተግሣጽ ነው።

ስለ ክረምት ስም

አስቀድሞ አንድ ስሕተት ይታረም። የሞተር መመሪያ መጽሐፍ ሁሉ ማለት ይቻላል «ስለ ክረምት አቀማመጥ» የሚል ምዕራፍ አለው። ተርጓሚው ክረምት ያለው ግን የፈረንጆቹን የብርድ ወራት ነው። ይኸውም በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መጋቢት ያለው፣ ሐይቅ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር በ1909 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ለገበያ ያቀረበው ኦሌ ኤቪንሩድ፣ በሚቺጋን ሐይቅ ዳር ባለችው በሚልዋኪ ከተማ የሚሠራ ሰው ነበር። በዚያ አገር የመጀመሪያው ፍርሃት ውርጭ ነው፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 ያህል ስለሚሰፋ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

በእኛ አቈጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናም ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተርን የሚያጠፋው ውርጭ ሳይሆን እርጥበት፣ ዝገትና ያረጀ ቤንዚን ነው። ውርጭ በደጋው አገር የሚወርደው ሰማይ ከጠራ በኋላ፣ በመጸውና በበጋ ሌሊት ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን አካባቢና በባሌ ደጋ ያለ ሹም በሁለት ወገን መጠንቀቅ ይገባዋል፤ በሐምሌ ከእርጥበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከውርጭ። የመመሪያውን ቃል ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ጠላቱ በማይመጣበት በር ዘብ ያቆማል።

ደግሞም የዕረፍቱ ወራት በአገሩ ሁሉ አንድ አይደለም። በጋምቤላ ባሮ ወንዝ የሚሞላው በክረምት ስለ ሆነ ጀልባ ሥራ የሚበዛለት ያን ጊዜ ነው፤ ዕረፍቱም በበጋ ይሆናል። በቦረናና በሶማሌ ቆላም ዋናው ዝናም የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ ሥራ የሚፈታ ከሆነ፣ የወሩ ስም ማንም ይሁን ማን፣ እንደሚከተለው ይዘጋጅ።

፩ኛ፤ ስለ ቤንዚንና ስለ ናፍጣ

ቤንዚን እንደ ጠጅ ሲቈይ አይጣፍጥም፤ ያረጃል እንጂ። ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ ይሄድና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። አልኮል የተቀላቀለበት ከሆነም ከአየር እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ለሦስት ወር የሚያርፍ ትንሽ ሞተር ቤንዚኑ ሁሉ ይቀዳለት፤ ከካርቡራተሩ ግርጌ ያለችውም ብሎን ተፈታ በውስጡ የቀረው ይንጠፍጠፍ። ቤንዚኑን ማስቀረት ግድ ከሆነ ግን አዲስ ቤንዚን ተሞልቶ፣ እንዳያረጅ የሚጨመረው መድኃኒት በልኩ ይጨመርበትና መድኃኒቱ እስከ ካርቡራተሩ እንዲደርስ ሞተሩ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሠራ።

የናፍጣ ሞተር ሕጉ ሌላ ነው። ናፍጣው ተሟጦ እስኪያልቅ አይሠራ፤ በቧንቧው አየር ይገባና በኋላ ለማስነሣት ያስቸግራል። ይልቁንም ለእርጥብ አየር ቦታ እንዳይቀር ሰርባትዮው እስከ አፉ ይሞላ፤ ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውኃም ይፍሰስ። ናፍጣና ውኃ በሚገናኙበት ቦታ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ይራባሉና፣ የእነርሱ አተላ ፊልትሮውን ይዘጋዋል።

፪ኛ፤ ስለ ሞተር ዘይት

ብዙ ሰው ዘይት የሚለውጠው ሞተሩ ከዕረፍት ሲወጣ ነው። ይህ የተገለበጠ ሥራ ነው። የሠራበት ዘይት ከቃጠሎው የመጣ አሲድና ውኃ አለበት፤ ይህን ይዞ ቢከርም የሞተሩን የውስጥ ብረት ይበላዋል። ስለዚህ ዘይቱ የሚለወጠው ከዕረፍት በፊት ነው። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ አሮጌው ይፍሰስ፤ ፊልትሮ ያለውም ይለወጥለት፤ አዲሱ ዘይት እንዲዳረስ እንደ ገና ለጥቂት ደቂቃ ይሥራ። አሮጌው ዘይት በቆርቆሮ ተጠራቅሞ ይቀመጥ እንጂ በወንዝ ወይም በእርሻ ላይ አይድፋ።

ሞተር የሚነሣው በደጅ ነው፤ በተዘጋ ግምጃ ቤት ውስጥ ከቶ አይነሣ። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

፫ኛ፤ ስለ ውኃው መንገድ

የውኃ መሳቢያው ከሆዱ ግርጌ ያለው መክደኛ ተፈቶ ጭቃውና ውኃው ይውጣ፤ በንጹሕ ውኃም ይታጠብ። ውኃ የሚስበው ጎማና በጫፉ ያለው ወንፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከባሕሩ በሚስበው ውኃ ነው። ስለዚህ ግርጌው በንጹሕ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ እየሠራ አሸዋውና ጭቃው ይታጠብለት። ያለ ውኃ ግን ለአንድ ደቂቃ ስንኳ አይነሣ፤ ውኃ የሚገፋው የጎማ ክንፍ ይቃጠላል። ከታጠበ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። የታንኳው ቀዛፊ እንደሚያደርገው ውኃው እስከ መጨረሻው ጠብታ ይንጠፍጠፍ።

ኤሊካውም ይውለቅ። የዓሣ መረብ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ከተገኘ ውኃ የሚከለክለውን ጎማ ቈርጦት ይሆናልና በጥንቃቄ ይታይ። በታችኛው ማርሽ ቤት ያለው ዘይት ሲፈስ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጎማው ሳይለወጥ አዲስ ዘይት መሙላት ከንቱ ድካም ነው።

፬ኛ፤ ስለ ሲሊንደሩ

የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላው ተፈቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ይግባ። የማስነሻው ገመድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በቀስታ ቢሳብ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቀባዋል። ካንዴላው ተመልሶ ይታሰር። በመጨረሻም ገመዱ እጅን እስኪከብድ ድረስ ተስቦ በዚያው ይተው፤ በዚህ ጊዜ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ቫልቭ ተዘግተው እርጥበትን ይከለክላሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር የተነገረው አራት ምት ላለው ትንሽ ሞተር ነው። በናፍጣ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ግን ከአምራቹ መመሪያ ውጭ ምንም ዘይት አይጨመር።

የጭስ ማውጫውና የአየር መሳቢያው አፍ አይጥና እርጥበት እንዳይገባበት በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን። ጨርቁም ሳይወጣ ሞተሩ እንዳይነሣ፣ በቀይ ክር ታስሮ ክሩ ወደ ውጭ ይንጠልጠል።

፭ኛ፤ ስለ ባትሪ

ባትሪ ያለው ሞተር አስቀድሞ የነጌቲቩ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ ሽቦ ይፈታለት። ባትሪው ሙሉ ኀይል ተሞልቶ ከእሳት በራቀና አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ በየወሩ ተለክቶ ከ12.4 ቢወርድ እንደ ገና ይሞላ። ባዶውን የከረመ ባትሪ በውስጡ ያለው እርሳስ ደድሮ ኀይል መቀበል ይሳነዋል።

፮ኛ፤ ስለ ማስቀመጫው ቤት

ሞተሩ በመሬት ላይ ሳይሆን በሳንቃ ላይ ይቁም። ማዳበሪያና ጨው እርጥበት እየሳቡ ብረት ያዝጋሉና ከእነርሱ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ። በላስቲክ አጥብቆ መጠቅለልም አይገባም፤ ላስቲክ እርጥበቱን በውስጥ ያፍነዋል። አየር የሚያሳልፍ ሸራ ይበቃል። ቤንዚን ሰው ከሚያድርበት ቤት ይራቅ።

የሹሙ ሥራ

ከላይ የተነገረውን ሁሉ አንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ይፈጽመዋል። ሹሙ በእጁ ዘይት መንካት አያስፈልገውም። እርሱ የሚሠራው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ዕረፍት የሚገባበትን ቀን ይወስን። «ዝናም ሲጀምር» ማለት ቀን አይደለም፤ «ሰኔ 15» ማለት ግን ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ኀላፊነቱን ለአንድ ሰው በስሙ ይስጥ። የሁሉም የሆነ ሞተር የማንም አይደለም።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ያስይዝ። በመዝገቡ የሞተሩ ቍጥር፣ ያረፈበት ቀን፣ ዘይቱን የለወጠው ሰው፣ የጎደለውና የተሰበረው ዕቃ ይጻፍ። ፊልትሮ፣ ካንዴላ ወይም የጎማ ክንፍ የሚያስፈልግ ከሆነ በክረምቱ ይታዘዝ፤ በኅዳር የሚታዘዝ ዕቃ ችግኙ ከደረቀ በኋላ ይደርሳልና። ይልቁንም ሹሙ በነሐሴ አንድ ቀን ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ ሸራውን በገዛ እጁ ይግለጥ። የተገለጠ ሸራ ከመቶ ፊርማ ይበልጣል።

ዕረፍቱ ሲያበቃም ሞተሩ ውኃ በሚፈለግበት ዕለት ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ይሞከር። ቀይ ክር ያለበት ጨርቅ ይውጣ፤ ዘይቱ ይለካ፤ ካንዴላው ተፈቶ ይጠረግ፤ አዲስ ቤንዚን ይሞላ፤ የውኃ መሳቢያውም ሆድ ውኃ ከተሞላ በኋላ ይነሣ። እንከን ቢገኝ ለማቃናት ጊዜ አለ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ሞተሩ በደኅና ከከረመ የሚያመሰግነን ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያልተበላሸ ነገር አይወራምና። ነገር ግን በጥቅምት ማለዳ ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ ሞተሩ ቢነሣ፣ ውኃውም በቦዩ ወርዶ ከችግኙ ሥር ቢደርስ፣ በሰኔ የተደረገችው የአንድ ማንኪያ ዘይት ትጋት ፍሬዋን ሰጠች ማለት ነው።