ቀድሞ የሚቀነስ ወለድ፦ እውነተኛ ቅናሽና የባንክ ቅናሽ

በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ በክረምት መግቢያ ይዘራል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ግን ከመከር በኋላ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ መውሰድ የቆየ ልማድ ሆኗል፤ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ይህንኑ ዱቤ ለገበሬው ያቀርብ ነበር። በዚህ ትምህርት የቁጠባና ብድር ማኅበራት አባላት ሊያውቁት የሚገባውን፣ ወለድ አስቀድሞ ሲቀነስ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚታሰብ እንመለከታለን።

አንድ አባል በሰኔ ተበድሮ በታኅሣሥ 10,600 ብር ሊከፍል የተስፋ ሰነድ ፈረመ እንበል። ጊዜው 6 ወር፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ለ6 ወር ደግሞ 6 በመቶ ነው። ዛሬ ስንት ብር ይቀበላል?

፩. እውነተኛ ቅናሽ። ከወለዱ ጋር 10,600 ብር የሚሆነውን ዋና ገንዘብ እንፈልጋለን፦ 10,600 ÷ 1.06 = 10,000 ብር። ይህ የሰነዱ የአሁን ዋጋ ነው። ቅናሹ 600 ብር ይሆናል።

፪. የባንክ ቅናሽ። ወለዱ በሰነዱ ላይ በተጻፈው ገንዘብ ይታሰባል፦ 10,600 × 0.06 = 636 ብር። አባሉ የሚቀበለው 9,964 ብር ነው።

የሁለቱ ልዩነት 36 ብር ነው፤ ይህም የ600 ብር የ6 ወር ወለድ ነው። በሁለተኛው መንገድ ተበዳሪው በእጁ ላልገባ ገንዘብም ወለድ ይከፍላል። 636ን ለ9,964 ብናካፍል 6.38 በመቶ ገደማ እናገኛለን፤ 12 በመቶ የተባለው የዓመት ወለድ በተግባር ወደ 12.77 በመቶ ይጠጋል።

ሁለቱ ቅናሾች ብቻ ሲታወቁ የሰነዱን ገንዘብ ለማግኘት፣ የሁለቱን ብዜት ለልዩነታቸው እናካፍላለን፦ (636 × 600) ÷ 36 = 10,600 ብር።

መልመጃ፦ የባንክ ቅናሹ 1,344 ብር፣ እውነተኛው ቅናሽ 1,200 ብር ቢሆን ሰነዱ የስንት ብር ነው? (መልስ፦ 11,200 ብር)

የባንክ ቅናሽ በንግድ ዓለም የታወቀ አሠራር ነው፤ በደል የሚሆነው ተበዳሪው ሳያውቀው ሲፈርም ነው። ስለዚህ ሒሳብ ያዥ የሆነ ሁሉ፣ ከፊርማ በፊት፣ ተበዳሪው ዛሬ የሚቀበለውንና በመከር የሚከፍለውን ገንዘብ ለይቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት እንላለን።