ሥራን በስሙ ሳይሆን በተግባሩ መመደብ

በኢታንግ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የሚውሉ ሦስት ባለሙያዎችን እንውሰድ፦ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱ ሰው የሚያሻግር ታንኳ ቀዛፊ፣ አንዷ ዓሣ ሻጭ። ለሁለት ክፈሏቸው ብትባሉ አብዛኞቻችሁ አጥማጁንና ሻጯን «የዓሣ ሥራ» ብላችሁ ታጣምራላችሁ። አይፈረድባችሁም። የሥራ ምደባ ስሌት ግን ስም አይሰማም፤ ጥያቄው «ጊዜዎን በምን በምን ያሳልፋሉ?» የሚል ነው።

ለትምህርቱ ያህል መልሱ እንዲህ ነው እንበል። አጥማጁ ከጊዜው 30 በመቶውን ይቀዝፋል፣ 45 በመቶውን መረብ ይጥላል፣ ይሰበስባል፣ 15 በመቶውን ዓሣ ያጸዳል፣ 10 በመቶውን ሒሳብ ይቀበላል። ቀዛፊው 70 በመቶ ይቀዝፋል፣ 20 በመቶ ሒሳብ ይቀበላል፣ 10 በመቶ ታንኳ ይጠግናል። ሻጯ 40 በመቶ ዓሣ ታጸዳለች፣ 60 በመቶ ሒሳብ ትቀበላለች።

አሁን ሁለት ሁለቱን አስተያዩ። በእያንዳንዱ ተግባር ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን ውሰዱና ደምሩ። አጥማጁና ቀዛፊው በመቅዘፍ 30፣ በሒሳብ 10፣ በድምሩ 40 ይጋራሉ። አጥማጁና ሻጯ 15 እና 10፣ በድምሩ 25። ቀዛፊውና ሻጯ 20 ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣመሩት አጥማጁና ቀዛፊው ናቸው። ከዚያ ጥንዱን እንደ አንድ ቆጥረን ከሻጯ ጋር ስናስተያይ የ25 እና የ20 አማካይ 22.5 ይሆናል። ሥራዎቹ መቶ ቢሆኑም አካሄዱ ያው ነው፤ በጣም የሚቀራረቡት ይጣመራሉ፣ ከዚያ ቀጣዮቹ፣ እያለ ሁሉም አንድ እስኪሆን ይሄዳል። የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ተመራማሪው ነው፤ እዚህ ላይ ቀመር ብቻውን አያድንም።

መንገዱን ካደራጁት መካከል የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች ይገኛሉ። ከእነሱ አንዱ ጆ ዋርድ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በልዩነት መጠን ላይ የተመሠረተ የማጣመር ዘዴ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ምደባ ደግሞ ሥራዎችን ከ10 ዐቢይ ቡድኖች ጀምሮ እስከ 436 ዝርዝር ቡድኖች ይከፍላል። በእሱም አጥማጅ 6ኛው፣ ሻጭ 5ኛው ዐቢይ ቡድን ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ሒሳብ መቀበል» ያልነውን «ዓሣ መሸጥ» እና «የማሻገሪያ ሒሳብ መቀበል» ብለን ብንከፍለው የአጥማጁና የቀዛፊው ቅርበት ወደ 30 ይወርዳል። መቅዘፍንም «ሰው ለማሻገር» እና «ለማጥመድ» ብለን ከለየነው ዜሮ ይሆናል፤ አጥማጁም በ25 ወደ ሻጯ ይሄዳል። በሰዎቹ ሥራ ላይ አንድም የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የኛ መጠይቅ ነው። እንግዲህ ዝርዝሩን ቢሮ ቁጭ ብሎ መጻፍ አደጋ አለው። ኑዌር፣ አኙዋክና ኦፖ በሚኖሩበት ኢታንግማ መጠይቁ በየቋንቋቸው ከሠራተኞቹ ጋር ካልተመከረበት፣ ኮምፒውተሩ ያወጣው ቡድን የአዘጋጁን ግምት መልሶ ከማሳየት አያልፍም።

ወቅትም አለ። ባሮ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲሸሽ በረጠበው የወንዝ ዳር በቆሎ ይዘራል። ያለፉትን 7 ቀናት ብቻ የጠየቀ ቆጣሪ በየትኛው ወር እንደመጣ ውጤቱ ይለያያል። አንዱን ሰው በሁለት መስመር፣ አንዱን ለሙላት አንዱን ለሽሽት ወቅት፣ መመዝገብ ይሻላል። ያኔ ያው አጥማጅ በአንዱ መስመር ከቀዛፊ፣ በሌላው ከገበሬ ጋር ቢመደብ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።