ገንዘብን በሥርዓት ስለ መክፈል

ገንዘብ ማግኘት አንድ ሙያ ነው፤ በጊዜውና በልኩ መክፈልም ሌላ ሙያ ነው። የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ንግድ ይህን በግልጽ ያስረዳል። ገበያው በበዓላት ዋዜማና በሠርግ ወራት ይደራል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል። የሸማኔው ቤት ቀለብ ግን በየሳምንቱ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ነጋዴ በጥምቀት ሰሞን 100,000 ብር ቢሸጥ፣ ከዚህም 40,000 ብር የድርና የማግ ዕዳ፣ 35,000 ብር የሸማኔና የጠላፊ ዋጋ፣ 10,000 ብር የሱቅ ኪራይና ግብር ቢሆን፣ የራሱ የሚለው 15,000 ብር ብቻ ነው። ከዚሁ ላይ ለጾሙ ወራት ካልቆጠበ ሸማኔው ወደ ሌላ ይሄድበታል።

ስለዚህ፦

1ኛ. የቀኑ ሽያጭ ሳይነካ ባንክ ይግባ፤ ለጥቃቅን ወጪ የተወሰነ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ።

2ኛ. ወጪ የሚያዘውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው አይሁን፤ ያለ ደረሰኝም አይከፈል።

3ኛ. የክፍያ ቀን ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። የዱቤው ዕዳ በቀጠሮው ቀን ይከፈል፤ የሸማኔው ዋጋ ግን አይደር።

4ኛ. ቼክ የሚጽፍ ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ይመልከት፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ያስቀጣልና።

ለፋሲካ ገበያ በቂ ሸቀጥ የሚኖረው በጾሙ ወራት ሸማኔዎቹን ያልበተነ ነጋዴ ነው።